የበረኪና ጠርሙስ ላይ ምን ቢጻፍ እናቶቻችን ይጠነቀቁ ነበር?

የቀሃ ልጅ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 2፡15

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ የጎንደር ልጆች።

እኛ ቤት በዓሉ የገባው በድንጋጤ ነው። የጥምቀት ሰሞን እንደምታውቁት ጎንደር ውስጥ የማይታጠብ ነገር የለም። እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይገላበጣል፣ ምንጣፍ ይወጣል። እናቴ ጥር 8 ጠዋት ሽንት ቤቱን ልታጸዳ ገባች። ሁለት ዕቃ ይዛለች። አንዱ በሃይላንድ የተቀዳ በረኪና ነው። ሌላው ከሱቅ የተገዛ ሰማያዊ ጠርሙስ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ። በረኪናው ብቻውን ቆሻሻውን አላስለቅቅ ሲላት ሰማያዊውን ከላዩ ጨመረችበት።

እኔ ሳሎን ሆኜ ሳል ሰማሁ። ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ነው። በሩን ስከፍተው ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዐይኗ ደም መስሏል። ሽታው እኔንም ጉሮሮዬን አነቀኝ። ጎትቼ በረንዳ ላይ አወጣኋት። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገላት፣ እስከ ማታ አቆይተው ለቀቋት። ተመስገን፣ ደህና ናት። ዳገት ስትወጣ ግን አሁንም ያስላታል።

ማታ ሰማያዊውን ጠርሙስ አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ መቀመጫና አበባ ተስሏል። ጀርባው ላይ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፤ ፊደሉ ከጤፍ ያንሳል። አማርኛ የለም። እንግሊዝኛውን በስልኬ ካሜራ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ከመጨረሻው ሁለተኛ መስመር ላይ ከበረኪና ጋር እንዳይቀላቀል ይላል።

እናቴ አማርኛ ታነባለች። በየቀኑ ዳዊት ትደግማለች። ማንበብ ስላቃታት አይደለም የተጎዳችው።

የበረኪናው ሃይላንድ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ የውሃው ነው። እስካሁን እዚያው አለ፣ ከነተራራው ሥዕል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጠርሙሱ ላይ ምን ቢጻፍ፣ ምን ቢሳል፣ እናቴ እጇን ትሰበስብ ነበር? የምታውቁትን ጻፉልኝ።

ሲስተር ከማራኪ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡02

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልህ ወንድሜ። ጎትተህ ወደ አየር ማውጣትህ ትክክል ነው። መጀመሪያ የሚደረገው እሱ ነው።

የምሠራው ድንገተኛ ክፍል ነው። የበዓል ሰሞን እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል። እኔን ይበልጥ የሚያመኝ ግን የልጆቹ ነው። ልጅ ይጠማዋል፣ ወጥ ቤት ይገባል፣ ሃይላንድ ያያል። ለእሱ ሃይላንድ ማለት ውሃ ማለት ነው። እኛው ነን እንደዚያ ያስተማርነው። የቧንቧ መክፈቻ ዱቄት ወይም ኮስቲክ ሶዳ ከሆነማ ጉሮሮውን አቃጥሎ ጠባሳ ይተዋል። ከወራት በኋላ እንጀራ አልወርድ ይለዋል።

ቤተሰብ የሚሠራውን ስሕተትም ልንገራችሁ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከተው ያስመልሱታል። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። ነጭ ጋዝ ከሆነ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ወተት በግድ የሚግቱም አሉ። አታድርጉ። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ወዲያው ሐኪም ቤት አምጡት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ኑ! እባካችሁ ጠርሙሱን። ምን እንደጠጣ ካላወቅን በጭፍን ነው የምንሠራው።

ታዲያ ጠርሙሱ ሲመጣ ምን ተጽፎበታል? "የተፈጥሮ ውሃ።"

ባለሱቅ ነኝ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡40

አራዳ አካባቢ ሱቅ አለኝ። በሃይላንድ የሚቀዱት እኔን መሰል ሰዎች ስለሆኑ መልስ መስጠት አለብኝ።

በረኪና የሚመጣልኝ በ20 ሊትር ጀሪካን ነው። ጀሪካኑ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በአማርኛ ጭምር። ግን እሱ እኔ ጋ ነው የሚቀረው። ደንበኛ ሃይላንዱን ይዞ ይመጣል፣ ግማሽ ሊትር ቀዳልኝ ይላል። ሙሉ ጠርሙስ የሚገዛበት ብር የለውማ። አልቀዳም ብል ቀጣዩ ሱቅ ይቀዳለታል። ላርጎም እንደዚያው ነው፣ ነጭ ጋዝም እንደዚያው ነበር።

ስለ እናትህ ከልቤ አዝኛለሁ። ግን መለያውን ፋብሪካው ቢያሳምረው እኔ ጋ ሲደርስ ያበቃለታል። ከእኔ በኋላ ያለውን መንገድ ነው ማሰብ ያለብን።

የቀሃ ልጅ | ጥር 14፣ ከምሽቱ 3፡55

@ባለሱቅ ነኝ፣ ወቀሳ አይደለም። እንዲያውም ይሄን ሳትነግረን ቢሆን ክሩ ሁሉ ስለ ፋብሪካ ይሆን ነበር። አመሰግናለሁ።

የኬሚስትሪ መምህር | ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1፡20

ምን እንደተፈጠረ ላስረዳ፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይረሳውምና።

በረኪና ውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። አብዛኛው የሽንት ቤት ማጽጃ ደግሞ አሲድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆች 1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ይሄው ነው። እናቶቻችን በር ዘግተው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ያወጡታል።

ክሎሪን ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል። ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው ደግሞ አፍንጫው እዚያው ነው።

አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ ያው ነው። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ሌላ መርዝ ይወጣል፣ ክሎራሚን ይባላል። ሽንት የቆየበት ጉድጓድ ላይ በረኪና ስታፈሱ ዐይን የሚለበልበው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በረኪና ብርሃንና ሙቀት አይወድም። በሚያሳይ ሃይላንድ ተቀድቶ መስኮት ላይ ሲቀመጥ እየደከመ ይሄዳል። ሲደክም ደግሞ አያጸዳም። ሳያጸዳ ሲቀር ሰው ሌላ ነገር ይጨምርበታል። እናትህ "አላስለቅቅ አለኝ" ያሉት ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ስለዚህ የተቀዳበት ቀን መለያው ላይ መኖር አለበት እላለሁ።

እናት የሦስት | ጥር 15፣ ከቀኑ 7፡30

እኔ ሳሙና በር ነኝ። ትናንት ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የበረኪናዬን ቦታ ከመታጠቢያው ሥር ወደ ቁም ሣጥን አናት አወጣሁት።

ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን የአደጋ ሥዕሎች፣ እነዚያን ቀይ ጠርዝ ያላቸውን፣ ስልኬ ላይ አውጥቼ ለጎረቤቶቼ አሳየኋቸው። አምስት ሴቶች ነን።

ከሁለት ብልቃጥ ፈሳሽ እጅ ላይ የሚንጠባጠበውን ሳሳያቸው ሦስቱ በአንድ አፍ "እጅ መታጠብ ነው" አሉ። አንዷማ "እንግዲህ የእጅ ሳሙና ነው" አለች። ይሄ ሥዕል የሚለው ግን እጅን ይበላል ነው!

የቃለ አጋኖ ምልክቱን "አዲስ ዕቃ ነው ማለት ነው" አሉ። የራስ ቅሉን ሁሉም ያውቁታል፣ ግን "መብራት" አሉኝ። ትራንስፎርመር ላይ ስለሚለጠፍ ነው። የደረቀው ዛፍና የሞተው ዓሣ ላይ ዝም ተባባሉ። እሳቱን ብቻ ሁሉም በትክክል መለሱ።

ሞኞች አይደሉም። አንዷ አስተማሪ ናት። ማንም አላስተማራቸውም እንጂ።

ከፍራንክፈርት | ጥር 15፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት አዘዞ ነው፣ አሁን ጀርመን በጽዳት ድርጅት እሠራለሁ። @እናት የሦስት ያየሻቸው ሥዕሎች የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጆች 2003 ያወጣው የጋራ አሠራር ናቸው። ዘጠኝ ናቸው። እዚህ አውሮፓ ድሮ ብርቱካናማ አራት ማዕዘን ነበር፣ በደረጃ እየተቀየረ እስከ ፈረንጆች 2017 ሙሉ በሙሉ ወደ ቀይ ጠርዝ ተዛወረ። ከሥዕሉ ጎን አንድ ቃል ይጻፋል። ከባድ ከሆነ "አደገኛ"፣ ቀለል ካለ "ማስጠንቀቂያ"።

ግን እኛም ሥራ ስንጀምር አሠልጣኝ መጥቶ ነው ያስረዳን። የእጁን ሥዕል እኔም አላወቅኩትም ነበር። ሥዕል ብቻውን አይናገርም። መጀመሪያ አንድ ሰው ሊነግርህ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥዕሉ የሚያስታውስህ።

የምወደው ነገር ክዳኑ ነው። አደገኛው ጠርሙስ ላይ ክዳኑን ተጭነህ ካላዞርክ አይከፈትም። ልጅ አይችለውም። ሃይላንድ ግን የሁለት ዓመት ልጅ ይከፍተዋል።

በጣቴ አነባለሁ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡00

ዐይነ ስውር ነኝ። ይሄን ክር ስልኬ እያነበበልኝ ነው የምከታተለው።

ከአውሮፓ የመጣ ጠርሙስ ላይ አንዳንዴ ትንሽ ጎላ ያለች ሦስት ማዕዘን ትዳሰሳለች። ለእኛ የተደረገች ናት። መጀመሪያ ስዳስሳት የፋብሪካ ጉድለት መስላኝ ነበር። ምን እንደሆነች ያወቅኩ ቀን ግን አንድ ሰው የትም ሆኖ እንዳሰበኝ ተሰማኝ።

ሀገር ውስጥ በተቀዳው ላይ ግን ምንም የለም። ውሃም ሃይላንድ፣ በረኪናም ሃይላንድ። ሽታ እንዳልል የላርጎ ሽታና የበረኪና ሽታ ጉንፋን ሲይዘኝ አይለየኝም። ስለዚህ እቤቴ አደገኛ የሆነው ሁሉ አንገቱ ላይ ገመድ ይታሰርበታል፣ ሦስት ቋጠሮ ያለው። እጄ ቋጠሮ ሲነካ ይቆማል። ባለቤቴ ታያለች፣ እሷም ግን አሁን በገመዱ ነው የምትለየው። የስድስት ዓመቷ ልጄም እንደዚያው።

እውነት እንነጋገር | ጥር 15፣ ከምሽቱ 2፡45

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም። ሰው መለያ አያነብም። መድኃኒት ላይ ያለውን እንኳን አያነብም። ሥዕል፣ ገመድ፣ ቀን... ጊዜ ማጥፋት ነው። በሃይላንድ መሸጥ ይከልከል፣ አለቀ። ሱቁ ይታሸግ።

ሲስተር ከማራኪ | ጥር 15፣ ከምሽቱ 3፡05

@እውነት እንነጋገር፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም ተረኛ ሆኜ ሳድር እንደዚያ ነው የምለው። ግን ቢከለከል ሰው ሙሉ ጠርሙስ ገዝቶ ከጎረቤት ጋር ይካፈላል፣ በምን? በሃይላንድ። እኔ እናቴ ቤት ያየሁት ነው።

ሰው መለያ አያነብም የሚለውም ግማሹ ነው እውነት። ለማንበብ ያልተሠራውን ነው የማያነበው። ከጤፍ ያነሰ የቱርክ ጽሑፍ ማን ያንብብ?

ሰው ቤት ነበርኩ | ጥር 16፣ ከቀኑ 6፡10

ሁላችሁም ስለ እናቶች ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ሠራተኛዋ ልናገር።

ከደምቢያ ጎንደር ስመጣ 14 ዓመቴ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም። እትዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ አልዋሽም። "ይሄን በዚህ እጠቢ" ብለው ጠርሙስ ይሰጡኛል። የሴራሚክ ማስለቀቂያ አሲድ ነበር። በባዶ እጄ ጨርቅ ነክሬ መሬት ለመሬት እየሄድኩ እፈትጋለሁ። መጀመሪያ ምንም አይልም። ማታ እጄ ሞቀኝ። ጠዋት የጣቶቼ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። እንጀራ ስጋግር እንፋሎቱ ሲነካኝ አለቅስ ነበር። እትዬ ጠየቁኝ፣ ውሃው ነው አልኳቸው። እውነትም ውሃው መስሎኝ ነበር።

ያ ጠርሙስ ላይ የእጅ ሥዕል ነበረበት። አሁን ሳስታውሰው ያው @እናት የሦስት ያለችው ነው። እኔም በእጅ እንዲሠራበት መስሎኝ ነው።

አሁን አንብቤ መጻፍ ችያለሁ፣ ማታ ተምሬ። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ እጅ ከሳላችሁ ጓንት ያደረገ እጅ ሳሉ። የተላጠ እጅ ከሆነም ቀይ ይሁን፣ ያስደንግጥ። ንጹሕ እጅ ላይ ፈሳሽ ሲወርድ ካያችሁት መታጠብ ነው የሚመስለው።

የቀሃ ልጅ | ጥር 16፣ ከቀኑ 8፡30

እህቴ፣ ስላካፈልሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልሽው ሁሉ ይገባል።

እስካሁን የተባለውን ይዤ አንድ ነገር ሞከርኩ። ሃይላንድ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ያለ ርኅራኄ አርሙኝ።

"አደገኛ ኬሚካል። ኮሮሲቭ ነው። ከሕፃናት እይታ ርቆ ይቀመጥ። ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር እንዳይደባለቅ ጥንቃቄ ይደረግ። በአጋጣሚ ከተዋጠ የሕክምና ባለሙያ ያማክሩ።"

እማማ ከፒያሳ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡00

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። 71 ዓመቴ ነው።

ልጄ፣ ያንተ ወረቀት የቀበሌ ማስታወቂያ ይመስላል። እንዳይደባለቅ ይደረግ፣ ይቀመጥ... ማነው የሚያደርገው? እኔን ከሆነ የምታናግረው በቀጥታ ንገረኝ። ኮሮሲቭ ምንድን ነው? "ሥጋ ይልጣል" በለኝ፣ እፈራለሁ። ኬሚካል ስትለኝ ደግሞ ገበሬ የሚረጨው ነው የሚታየኝ። በረኪና ለእኔ ኬሚካል አይደለም፣ በረኪና ነው። ከኬሚካል ጋር አትደባልቂ ብትለኝ እሺ እልህና ሎሚ እጨምርበታለሁ። በስሙ ጥራው። ሎሚ በል፣ አቼቶ በል።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት አረቄ በሃይላንድ መጥቶ ነበር፣ ከጓዳም ሌላ ሃይላንድ አለ። ጥርት ያለ ነው፣ ሁለቱም። አንዱ ጎልማሳ በማታ ከጓዳው ቀድቶ አንድ ጊዜ ተጎነጨ። የባትሪ አሲድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው ድምፁ አልተመለሰም። ልጅ ብቻ እንዳይመስልህ የሚሳሳተው።

የቀሃ ልጅ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 1፡25

እማማ፣ እጅ እነሳለሁ። ልክ ነዎት። እርስዎ ባሉኝ አስተካክለዋለሁ። እድሜ ይስጥልን።

አዘዞ ሳሙና ሥራ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 2፡20

እኛ አዘዞ በማኅበር ተደራጅተን ፈሳሽ ሳሙናና በረኪና እናመርታለን። ሁሉን አነበብኩት። ከባዱ ጥያቄ እኛ ጋ ነው ያለው።

መለያ ስናሳትም ዲዛይነሩ "ምን ላድርግበት?" ሲለን ሎሚ አድርግ አልነው። ሎሚ ንጹሕ ያስመስላል፣ ይሸጣል። ፈሳሹንም ቢጫ አደረግነው። አሁን ሳስበው፣ ቢጫ ፈሳሽ፣ ሎሚ የተሳለበት፣ ለልጅ ጁስ ነው። በዚያ ላይ መምህሩ በረኪና ከሎሚ ጋር አይቀላቀልም ሲሉ፣ የእኛ ሳሙናና የእኛ በረኪና አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሰው ሥዕሉን አይቶ ሎሚና በረኪና ይስማማሉ ቢል አልፈርድበትም።

ማስጠንቀቂያውን ጀርባው ላይ አድርገነዋል። ቦታ ስለጠበበ ፊደሉን አሳነስነው። ስልክ ቁጥራችን ግን በትልቁ ነው። ይሄን ስጽፍ ደስ አይለኝም፣ ግን የሆነው ይሄ ነው።

አሁን ያለው መለያ እስኪያልቅ ጥቂት ወራት ነው። ለሚቀጥለው ሎሚው ይወጣል። በጀሪካን ለሚወስዱት ባለሱቆች ደግሞ በጥቅል ተለጣፊ ወረቀት አብረን ብንሰጥስ? ለአንድ ጀሪካን 40 ወረቀት፣ በግማሽ ሊትር አንድ። የሚያስወጣን ትንሽ ነው።

ባለሱቅ ነኝ | ጥር 16፣ ከምሽቱ 2፡31

@አዘዞ ሳሙና ሥራ፣ ከሰጣችሁኝ እለጥፋለሁ። ቃሌ ነው። ግን ማጣበቂያው እጅ ሲረጥብ የማይለቅ ይሁን። በረኪና ሲፈስበትም ቀለሙ ይነጣል፣ ጽሑፉን ይበላዋል።

የኬሚስትሪ መምህር | ጥር 16፣ ከምሽቱ 2፡50

ትክክል። በረኪና የሚያነጣው ቀለምንም ነው። ላዩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍበት፣ ያኔ አይደርስበትም።

ከሸማቾች ወገን | ጥር 17፣ ከጠዋቱ 3፡00

የሕግ ተማሪ ነበርኩ። አጭር ነገር ልበል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ይሄ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። አንድ ሰው ሰማያዊውን ጠርሙስ ይዞ "አማርኛ የታለ?" ብሎ ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ሻጩ አስመጪውን ይጠይቅ። አሥር ሰው ከጠየቀ ይሰማል።

እናት የሦስት | ጥር 17፣ ከቀኑ 5፡15

ጥያቄ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ውስጥ የምናጠራቅመውን ለማከም በረኪና ጠብ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ወረቀቱ አይጠጣም ካለ ግራ አይገባቸውም?

የኬሚስትሪ መምህር | ጥር 17፣ ከቀኑ 6፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው። ውሃ አጋር የምንለው በዘር ከበረኪና ጋር አንድ ነው፣ ግን እጅግ የቀጠነና ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ልኩም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ከሱቅ ጀሪካን የተቀዳው በረኪና ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ማንም አይነግራችሁም። ሽቶም ሌላም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለመጠጥ ውሃ የተሠራውን ተጠቀሙ። "አይጠጣም" የሚለው ባለበት ይቆይ።

ሲስተር ከማራኪ | ጥር 17፣ ከቀኑ 7፡05

ስለ ውሃ ካነሳችሁ አይቀር። ዐይን ውስጥ ከገባ በሚወርድ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይታጠባል እንላለን። ቧንቧው በሌለበት ቀንስ? ስለዚህ ጽዳት ሳትጀምሩ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃና ጆግ በር ላይ አስቀምጡ። ዐይኑ እየተቃጠለ ውሃ ፍለጋ ጎረቤት የሄደ ሰው አይቻለሁ። የሄደበት ደቂቃ ነው የጎዳው።

የቀሃ ልጅ | ጥር 18፣ ከምሽቱ 1፡45

ሁለተኛው ረቂቅ። እማማ ይዩልኝ።

"በረኪና ነው። አይጠጣም።
ከሽንት ቤት ማጽጃ፣ ከአሲድ፣ ከአቼቶ፣ ከሎሚ ጋር አትቀላቅሉ። የሚያፍን ጭስ ይወጣል።
ሥጋ ይልጣል። ጓንት አድርጉ። በርና መስኮት ክፈቱ።
ዐይን ከነካ ቶሎ በውሃ እጠቡ፣ 20 ደቂቃ።
ሰው ከጠጣው እንዲያስመልስ አታድርጉ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።
የተቀዳበት ቀን፦"

ከላይ ሁለት ሥዕል። አንዱ ጓንት ያደረገ እጅ፣ ከጎኑ የተላጠ ቀይ እጅ። ሁለተኛው ሁለት ጠርሙስ፣ መሃላቸው ትልቅ ቀይ ኤክስ። አንገቱ ላይ ባለ ሦስት ቋጠሮ ገመድ ይታሰር። የራስ ቅሉን ተውኩት፣ መብራት ነው ስላሉ።

ከፒትስበርግ | ጥር 18፣ ከምሽቱ 3፡30

የራስ ቅሉን መተውህ ልክ ነው። የምኖርባት ከተማ የቤዝቦል ቡድን ስሙ የባሕር ወንበዴዎች ማለት ነው። እዚህ ልጆች የራስ ቅል ሲያዩ ቡድናቸው ትዝ ይላቸዋል እንጂ መርዝ አይታያቸውም። በፈረንጆች 1971 የከተማው የሕፃናት ሆስፒታል ለዚህ ሲባል ምላሱን ያወጣ፣ የተጸየፈ አረንጓዴ ፊት ሠራ። እኛም ልጆቻችን ምን እንደሚያስጠላቸው እነሱን ብንጠይቅ ጥሩ ነው።

እማማ ከፒያሳ | ጥር 19፣ ከቀኑ 4፡20

አሁን አማርኛ ሆነ። ተባረክ።

የቀሃ ልጅ | ጥር 19፣ ከምሽቱ 2፡10

ዛሬ ወረቀቱን አትሜ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ድምፅ አውጥታ አነበበችው። "የሚያፍን ጭስ" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እኔ ጭስ አላየሁም" አለችኝ። "ጭስ ባይማ እወጣ ነበር። ሽታ ነው የመጣው፣ እሱም በረኪናው የባሰበት መስሎኝ ነው የቆየሁት።"

መምህር፣ ልክ ናት? ካልሆነ እርሙኝ።

የኬሚስትሪ መምህር | ጥር 19፣ ከምሽቱ 2፡25

ልክ ናቸው። ጋዙ ያን ያህል ብቻ ሲሆን ቀለሙ አይታይም። እኔም ጽሑፉን ሁለቴ አንብቤው አላስተዋልኩም። "የሚያፍን ሽታ ይወጣል፣ ወዲያው ውጡ" ይባል።

ባለሱቅ ነኝ | ጥር 21፣ ከቀኑ 10፡00

ከአዘዞ ልጆቹ መጀመሪያ ያሳተሙትን 80 ወረቀት አምጥተውልኛል፣ የተስተካከለውን። ግልጽ ፕላስተር ገዛሁ። ዛሬ ለ11 ሰው ለጥፌያለሁ። አንድ እናት "ይሄን ለኮስቲክ ሶዳውስ የለህም?" አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። ለእሱ ማን ይጽፍልኛል?

ሲስተር ከማራኪ | ጥር 21፣ ከቀኑ 11፡15

እኔ እጽፈዋለሁ። የዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ጠዋት እልክልሃለሁ። እማማ ያርሙልናል።